ሦስት ፖርትሬት ከለገጣፎ፦ ፊቱ ለምን አመድ መሰለ?

የጣፎ ፀሐይ

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ፖርትሬት ለጥፌያለሁ። ሦስቱም ለገጣፎና የካ ጋራ አካባቢ የተነሱ ናቸው፤ የተነሱት ሰዎችም እዚህ እንዲወጡ ፈቅደዋል። ካሜራው ካኖን 2000ዲ፣ ሌንሱ ባለ 50 ሚሊ ሜትሩ ኤፍ 1.8 ነው። ሁሉም በሮው (ካሜራው ሳያስተካክል በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ተነስተው ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ተሠርተዋል።

ቁጥር 1፦ የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ልጅ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ሜዳው ላይ፣ ሚያዝያ መጀመሪያ። ኤፍ 4 (የሌንሱ ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፣ 1/3200 (የሻተሩ ፍጥነት በሰከንድ)፣ አይኤስኦ 100 (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት)። ፊቷ ጠቁሮ ስለወጣ ኤክስፖዠር (አጠቃላይ ብርሃን) +1.2፣ ሻዶው (የጥላው ብርሃን) +80፣ የኦሬንጅ ሉሚናንስ (የብርቱካናማ ቀለም ብሩህነት) +40 አድርጌያለሁ።

ቁጥር 2፦ አንዲት እናት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር አጠገብ። ኤፍ 1.8፣ 1/1000፣ አይኤስኦ 100፣ ርቀቱ ሜትር ተኩል ያህል። መጨረሻ ላይ በስልክ መተግበሪያ ቆዳቸውን አለስልሼዋለሁ።

ቁጥር 3፦ ወጣት፣ ባህር ዛፍ ውስጥ፣ ወደ ማታ። ኤፍ 2፣ 1/200፣ አይኤስኦ 400፣ ዋይት ባላንሱ (የነጭ ቀለም ሚዛን) አውቶ።

ቁጥር 1 ላይ ፊቷ ብሩህ ሆነ እንጂ አመድ የተነፋበት ነው የሚመስለው። ቁጥር 2 ላይ ዓይናቸው ለምን እንዳልጠራ አልገባኝም። ቁጥር 3 ስክሪን ላይ ደህና ነው፣ ፎቶ ቤት ሳሳጥበው ግን ጠቆረ። የቱ ከካሜራው ነው፣ የቱስ ከኤዲቲንጉ? ሳትሳሱ ንገሩኝ፤ «አሪፍ ነው፣ በርቺ» የሚለው አስተያየት በበቂ ደርሶኛል።

ጥላ ፈላጊ

እህቴ፣ መጀመሪያ ግራ ያጋባኝን ልናገር። የቁጥር 1 ፋይል ሰዓቱ 11:30 ይላል። የማታውን 11 ሰዓት ተኩል መስሎኝ «ታዲያ ጥላዋ ለምን እግሯ ሥር ተሰበሰበ?» እያልኩ ነበር። ለካ ካሜራው በፈረንጅ ሰዓት ነው የተሞላው፤ በእኛ ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ግማሹ መልስ እዚያው አለ። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ እኩለ ቀን ሲሆን ከሞላ ጎደል አናት ላይ ትቆማለች። በዓመት ሁለት ጊዜ ነው እንዲህ የምትሆነው፤ ሌላው የነሐሴ መጨረሻ ነው፣ ያኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ ደመናው ይሸፍናታል። ከአናት የሚወርድ ብርሃን ግንባርንና የአፍንጫን ጫፍ ያበራል፣ የዓይንን ጉድጓድ ያጨልማል፣ ከአፍንጫ ሥር ጢም የመሰለ ጥላ ይጥላል። ሦስቱንም ልጅቷ ፊት ላይ ታያቸዋለሽ።

በዚያ ላይ ካሜራው ተታሏል። ቀሚሱና ነጠላው የፍሬሙን ከግማሽ በላይ ይዘዋል። ካሜራ ፊቱ የቀረበለትን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ሊያደርግ ነው የሚለካው፤ ነጭ ሲበዛበት «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ያጨልማል። ቁጥሮችሽም ይህንኑ ይናገራሉ፦ በጠራ ፀሐይ በአይኤስኦ 100 ኤፍ 16 ላይ 1/100 አካባቢ ይበቃል። ይህ ኤፍ 4 ላይ 1/1600 ይሆናል። አንቺ በ1/3200 አንስተሻል፤ አንድ ሙሉ ስቶፕ፣ ማለትም በግማሽ፣ ጨልሟል። ስለዚህ የዓይን ጉድጓዱ ሁለቴ ጠቁሮ ነው ላይትሩም የደረሰው። ሻዶውን 80 ድረስ ስትገፊው ከዚያ ጨለማ ውስጥ የሚወጣው ቀለም ሳይሆን ኖይዝ (የተበተነ ነጠብጣብ) ነው።

የአንቺ ካሜራ ስፖት መለኪያ የለውም፤ ፓርሻል የሚባለው ግን አለው፣ የመሃሉን 10 በመቶ ያህል ብቻ የሚለካ። ቀረብ ብለሽ ፊቷ ላይ ለኪ። ነገር ግን ጠይም ፊትን ደግሞ ወደ ግራጫ ሊያነሳው ስለሚሞክር ኤክስፖዠር ኮምፔንሴሽኑን (የብርሃን ማካካሻውን) −2/3 ላይ አድርጊው፤ በጣም ጥቁር ለሆነ ቆዳ −1። ኮከብ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ተጭነሽ ልኬቱን ቆልፊና ወደ ቦታሽ ተመለሺ። ካነሳሽ በኋላ ሂስቶግራሙን (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ) እዪ፦ የነጠላው ጉብታ ወደ ቀኝ ጫፍ ይጠጋ እንጂ ግድግዳው ላይ አይለጠፍ። የተለጠፈ ነጠላ ድርና ማጉ አይታይም፤ ወረቀት ይሆናል።

ከሁሉ በፊት ግን ከሜዳው አውጫት። በዚያ ሰዓት የሕንፃ ጥላ ፈልገሽ አታገኚም፤ የኮንዶሚኒየሙ የደረጃ መግቢያ ግን አለ። ከጥላው መስመር አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ትግባና ፊቷን ወደ ውጭ ታዙር። ሰማዩ ራሱ ትልቅ መስኮት ይሆንላታል። ሦስት አራት እርምጃ ከገባች ብርሃኑ ይሞታል፣ ዓይኗም ውስጥ የምታበራው የብርሃን ነጥብ ትጠፋለች። ከፊቷ ያለው መሬት ሲሚንቶ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከታች ወደ ላይ ይመልስላታል። ሣር ከሆነ አገጯ ሥር አረንጓዴ ይረጫል።

ሮው ብቻ

ከላይ የተባለው ልክ ነው፤ አመዱ ግን የኤዲቲንጉ ነው። ጥፋተኛው ኦሬንጅ ሉሚናንስ +40 ነው።

የጠይም ቆዳ ቀለም አብዛኛው ኦሬንጅ ውስጥ ነው ያለው። ያንን ስላይደር ስትገፊ ግንባሩም ጉንጩም የመንጋጋው ሥርም አብረው ይነሳሉ፤ በመካከላቸው የነበረው የብርሃንና የጥላ ልዩነት ይጠባል። ፊት ቅርጽ የሚያገኘው ከዚያ ልዩነት ነው። ከንፈር ደግሞ ወደ ቀዩ ስለሚያደላ ባለበት ይቀራል፤ ከንፈሯ ከሌላ ፎቶ ተቆርጦ የተለጠፈ የሚመስለው ለዚህ ነው። ብሩህ ማድረግና ማቅላት ለየቅል ናቸው። ልጅቷ ጠይም ናት፤ ኤዲቱ ቀይ ሊያደርጋት ሞክሮ ግራጫ አደረጋት። (ይህን ስህተት ዘጠና ከመቶው የሰርግ አልበም ላይ ታገኚዋለሽ ብል ተጋነነ እንዳትዪኝ።)

በዓይን አትመኚ፣ ለኪው። ላይትሩም ውስጥ ዴቨሎፕ ላይ ሆነሽ ጠቋሚውን ጉንጯ ላይ ስታሳርፊ ሂስቶግራሙ ሥር የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መቶኛ ይወጣል። ያንቺው 66፣ 60፣ 57 ይላል። ሦስቱ እንዲህ ከተጠጋጉ ግራጫ ናቸው፣ ሌላ ስም የላቸውም። ለጠይም ቆዳ ብርሃን ባረፈበት በኩል 58፣ 43፣ 34 አካባቢ ጥሩ መነሻ ነው። ቁጥሩ ከሰው ሰው ይለያያል፣ ቅደም ተከተሉ ግን አይለወጥም፦ ቀይ ይበልጣል፣ አረንጓዴ ይከተላል፣ ሰማያዊ መጨረሻ ነው፣ በመካከላቸውም ግልጽ ክፍተት አለ።

ሁሉንም ዜሮ አድርጊና እንደገና ጀምሪ። ኤክስፖዠር +0.7፣ ሃይላይት (ደማቁ ክፍል) −45 ለነጠላው፣ ሻዶው ከ+25 አይለፍ፣ ብላክ −8። የኦሬንጅ ሉሚናንስ ዜሮ፣ ቢበዛ +5። ቀጥሎ ፊቷን ብቻ በማስክ (የተመረጠን ቦታ ብቻ በሚለይ መሣሪያ) ያዢና ኤክስፖዠር +0.35 ስጪ፤ የማስኩ ጠርዝ ለስላሳ ይሁን፣ አለዚያ አንገቷ ከፊቷ ይለያል። የዓይን ጉድጓዱን ለብቻው በብሩሽ፣ ፍሎው 15፣ ኤክስፖዠር +0.25፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ደራርበሽ አንሺው። በአንድ ጊዜ +1 ከሰጠሽው መነጽር አውልቃ የመጣች ትመስላለች። የዓይኗን ነጭ ይበልጥ እንዳታበሪው፤ አሁን ካለው ላይ እንዲያውም ቀንሺለት፣ ያበራል።

ጥለቱ ላይ ያለው ቀይ ጥበብም ከመጠን በላይ ደምቆ ተቃጥሏል። የሚቃጠለው ከሦስቱ ቀለሞች ቀዩ ብቻ ስለሆነ አጠቃላይ ብርሃኑን ብትቀንሺ ሌላውም አብሮ ይጨልማል። የቀይን ሳቹሬሽን −12 አድርጊው፣ የክሩ መስመር ተመልሶ ይመጣል።

ዋይት ባላንሱን ነጠላው ላይ ጠቅ አድርገሽ እንደወሰድሽም ያስታውቃል፤ አይሆንም። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ክሬም ይላል፤ እሱን «ንጹሕ ነጭ» ስትዪው ፕሮግራሙ ሰማያዊ ይጨምርና ፊቱም አብሮ ይቀዘቅዛል። ግራጫ ካርድ ከሌለሽ ብርሃኑን አይተሽ ቁጥር ስጪ፦ ለፀሐይ 5200 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው)፣ ለጥላ 7000 አካባቢ።

ጋሽ ኔጌቲቭ

ልጄ፣ ከሦስቱ ሁለተኛው ይልቃል። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው መቀመጣቸው፣ ነጠላው ከትከሻቸው ወርዶ ክንዳቸው ላይ ማረፉ፣ ብርሃኑም ከግራ ብቻ መግባቱ በትዕዛዝ የሚገኝ ነገር አይደለም። የሚታረመውን ብቻ ልንገርሽ።

ዓይናቸው ያልጠራው ሌንሱ ተበላሽቶ አይደለም። ፎቶውን መቶ በመቶ አጉልተሽ ጆሮ ግንዳቸው አካባቢ ያለውን ሽበት እዪው፤ እሱ ጥርት ብሏል። ፎከሱ ከዓይናቸው ኋላ ነው ያረፈው። የመሃሏን ነጥብ ዓይናቸው ላይ አድርገሽ ግማሽ ተጫንሽ፣ ከዚያ ፍሬሙን ለማሳመር ካሜራውን አዞርሽ። በሜትር ተኩል ርቀት 10 ዲግሪ ያህል ስታዞሪ ፎከሱ ከዓይን ወደ ኋላ 2 ሴንቲ ሜትር ከምናምን ይሄዳል። በዚያ ርቀት በኤፍ 1.8 የሚጠራው ውፍረት በጠቅላላው 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፊት ሦስት፣ ከኋላ ሦስት። ሁለቱን ሴንቲ ሜትር በልተሽበት፣ እሳቸውም ትንሽ ወደ ፊት ጎንበስ ካሉ ዓይን ከውስጡ ወጣ ማለት ነው። ጭንቅላታቸው ዘወር ብሎ ስለነበር ደግሞ ሁለተኛው ዓይን አንደኛውን ተከትሎ መጥራት አይችልም።

ካሜራሽ 9 የፎከስ ነጥብ አለው። የመሃሏ ጠንካራ ናት፣ በቀን ብርሃን ግን ሌሎቹም ይበቃሉ፤ ለአንቺ የቀረበው ዓይን ላይ የምትወድቀውን ምረጪና ካሜራውን አታዙሪው። ኤፍ 4 ላይ ብታመጪው ውፍረቱ 13 ሴንቲ ሜትር ግድም ይሆንልሻል። ብርሃንም አይጎድልሽም፤ 1/1000 የነበረው 1/200 ይሆናል፣ ለተቀመጠ ሰው በቂ ነው። ከኋላ ያለው ግድግዳ ሩቅ ስለሆነ በኤፍ 4ም ይደበዝዛል። ኤፍ 1.8 ስለተገዛ ሁልጊዜ በ1.8 ማንሳት ግዴታ አይደለም።

አሁን ወደ ቆዳው። የአገጫቸውና የአንገታቸው ንቅሳት የት ገባ? ማለስለሻው እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ ጠርጎታል። ግንባራቸው ላይ ያለው መስመርም ግማሹ አለ ግማሹ የለም፣ እንደ ተፋቀ ጽሑፍ። ነገ የሚጠፋውን አጥፊ፦ ብጉር፣ አቧራ፣ የነጠላ ብናኝ፣ ያረፈች ዝንብ። ንቅሳት፣ ጠባሳና የዕድሜ መስመር ይቆይ። የግድ ማለስለስ ካስፈለገ የስልኩን ትተሽ ላይትሩም ላይ ቴክስቸር (የቆዳው ሸካራነት) −10፣ ቢበዛ −15፣ ጉንጭና ግንባር ላይ ብቻ። ክላሪቲን ወደ ታች ስትጎትቺ ቆዳው ፕላስቲክ ይሆናልና ተዪው።

ሌላው በሩ ነው። የሰማያዊ ቆርቆሮ ብርሃን በቀኝ ጉንጫቸው አርፏል። በብሩሽ ይዘሽ ቴምፕን (የቀለሙን ሙቀት) +12 ብታደርጊ ይሄዳል፤ በሚቀጥለው ግን ወንበራቸውን ከበሩ አንድ ሜትር ማራቅ ይቀላል። የቆመ ሰው የተቀመጠን ሲያነሳ ግንባር ይገዝፋል፣ አንገት ይጠፋል፤ በርከክ በዪ፣ የሌንሱ ከፍታ ከዓይናቸው ይስተካከል። ነጠላውን አጥፈው ጭናቸው ላይ ቢያደርጉትማ ራሱ ብርሃን መላሽ ነበር፤ ከአገጭ በታች ያለውን ጨለማ ከሱቅ ከሚገዛው ባልተናነሰ ያነሳው ነበር።

የጣፎ ፀሐይ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ንቅሳቱን ፈጽሞ አላስተዋልኩትም ነበር፣ ከሮው ፋይሉ እንደገና እሠራዋለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ልደትና ክርስትና ላይ ሰዓት መምረጥ አይቻልም፣ ግቢው ውስጥ በ6 ሰዓት ነው የሚነሳው፤ ረዳትም ሪፍሌክተርም የለም። ካሜራው ላይ ያለችው ፍላሽ ታግዛለች? ሁለተኛ፣ የቁጥር 3 ነገር ተረሳ።

ባለ ማዳበሪያው

ለግቢ ድግስ ነጭ ማዳበሪያ የሚያክል የለም። ሁለቱን ገልብጠሽ ጎን ለጎን ስፊያቸው፣ በቀጭን እንጨት ወጥሪው። ጽሑፉ ያለበት ጎን ወደ ሰውየው እንዳይዞር፤ ቀይና አረንጓዴ ቀለሙ ፊት ላይ ይመጣል። ሁለት አጠቃቀም አለው። ፀሐይዋን ከሰውየው ጀርባ አድርገሽ ማዳበሪያውን ከፊቱ ሜትር በማይሞላ ርቀት ከወገብ በታች ብታቆሚው ብርሃን ይመልሳል፤ ወንበር ላይ ይደገፋል፣ ረዳት አይፈልግም። ወይም ከአናት በላይ ግማሽ ሜትር ከፍ አድርገው ሁለት ልጆች ቢይዙልሽ ጠንካራው ፀሐይ ይለሰልሳል። በሁለተኛው መንገድ ፊቱ ከጀርባው ካለው ግቢ ይልቅ ስለሚጨልም ጀርባው የዛፍ ጥላ ወይም ጥቁር ግድግዳ ይሁን፣ አለዚያ ይነጣል።

ከድንኳን ሥር ደግሞ ተጠንቀቂ። ቢጫ ወይም ሰማያዊ ሸራ ሥር የተነሳ ፊትን ማንም ኤዲቲንግ አያድነውም፤ ብርሃኑ ሁሉ ባንድ ቀለም ተነክሯል። ወደ ጠርዙ አውጥተሽ ወደ ውጭ አዙሪያቸው።

ሮው ብቻ

ፍላሿ ታግዛለች፣ ግን በልኳ። ከፍላሽ ጋር ሻተሩ ከ1/200 አይበልጥም፤ ስለዚህ በጠራ ፀሐይ አይኤስኦ 100፣ 1/200፣ ኤፍ 11 ነው የምትሠሪው። በሜትር ተኩል ርቀት ያቺ ትንሽ ፍላሽ በኤፍ 11 ፊትን በራሷ አታበራም፤ ከፀሐዩ ስቶፕ ተኩል ያህል አንሳ የዓይን ጉድጓዱን ብቻ ትሞላለች። ደግሞም የሚፈለገው እሱ ነው። ከሁለት ሜትር ካለፍሽ ብትበራም ባትበራም አንድ ነው። ኪሳራው በኤፍ 11 ከኋላ ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ መታየቱ ነው፦ ጀሪካኑም፣ ልብስ ማስጫውም፣ የመኪናው ጎማም።

ጋሽ ኔጌቲቭ

እኔ ፍላሿን አልመክርም። በሌንሱ አቅጣጫ ቀጥ ብላ ስለምትመታ ላብ ወይም ቫዝሊን ያለበት ግንባር ላይ ነጭ ነጠብጣብ ትተክላለች፣ ያም በኤዲቲንግ አይነሳም። ካበራሻትም ሶፍት ይዘሽ ግንባርና አፍንጫቸውን አስጠርጊ፤ ማሸት ሳይሆን ጫን ጫን ማድረግ። በጥላ ውስጥ ግን ቅባቱን አታስጠርጊ፤ በለስላሳ ብርሃን የጠይም ፊትን ቅርጽ የሚያወጣው ያ ወዝ ነው።

ጥላ ፈላጊ

ቁጥር 3። ባህር ዛፍ ውስጥ ብርሃኑ በቅጠል ተጣርቶና ከቅጠል ተመልሶ ነው የሚደርሰው፤ አውቶው ያን ያህል አረንጓዴ ማረም አልቻለም። ቲንቱን (የአረንጓዴና የማጀንታ ሚዛኑን) ወደ ማጀንታ +15፣ ቴምፑን 5800 አካባቢ። ጫካው ራሱ እንዳይቀላብሽ እርማቱን ግማሹን በአጠቃላይ ፎቶው፣ ግማሹን ፊቱ ላይ ብቻ ስጪው። ለወደፊቱ ጫካው መሃል ሳይሆን ዳር ላይ ይቁም፤ ፊቱ ወደ ሜዳው፣ ዛፉ ከኋላው። ደግሞ አንድ ግንድ ልክ ከአናቱ ላይ በቅሏል፤ አንድ እርምጃ ወደ ግራ ብትይ ከትከሻው ጎን ይወርድ ነበር።

ሰዓቱንም አስቢበት። እዚህ ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወድቀው፤ ያ ወርቃማ ብርሃን በሚያዝያ ከ12 ሰዓት ሩብ ጉዳይ እስከ 12 ሰዓት ተኩል ቢቆይ ነው። በምዕራቡ ዳር፣ ወጨጫ ጥግ ላይ ያላችሁ ደግሞ ጋራው ስለሚቀማችሁ ቀደም በሉ።

የሕትመቱ መጥቆር የስክሪንሽ ነገር ነው። ማታ መብራት አጥፍተሽ፣ የስክሪኑን ብርሃን መቶ አድርገሽ ከሠራሽ ጨለማው ፎቶ ብሩህ መስሎ ይታይሻል። ወረቀት ከራሱ አያበራም። ነጭ ወረቀት ከስክሪኑ ጎን በክፍሉ ብርሃን ያዢ፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ባዶ ነጭ ከወረቀቱ ጋር እስኪመሳሰል ቀንሺው። የወጣቱ ጉንጭ ቀዩ 38 ብቻ ነው የሚለው፤ 50 አካባቢ ድረስ አንሺው። ፎቶ ቤት ከመሄድሽ በፊት በኤስአርጂቢ (በተለመደው የቀለም ዓይነት) ሦስት ቅጂ አውጪ፦ እንዳለ፣ +0.3፣ +0.6። በ10 በ15 አሳጥቢያቸውና በቀን ብርሃን በር ላይ አወዳድሪ፤ የተሻለው ለሌሎቹም መለኪያ ይሆንሻል። ማሽኑ በራሱ እንዳያስተካክል ንገሪያቸው። በተለይ የቁጥር 1 ዓይነት ነጭ የበዛበት ፎቶ ሲገባለት ማሽኑም እንደ ካሜራሽ ተታሎ ያጨልመዋል። 13 በ18 ካዘዝሽ ደግሞ ከርዝመቱ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይቆረጣልና ከአናት በላይና ከእጅ በታች ቦታ ተዪ።

የጣፎ ፀሐይ

ቁጥር 1ን እንደገና ሠርቼ ለጥፌዋለሁ፦ ኤክስፖዠር +0.7፣ ፊት ላይ +0.3፣ ኦሬንጅ ዜሮ። ጉንጯ አሁን 57፣ 43፣ 35 ይላል። ቁጥር 2ም ከነንቅሳቱ ተመልሷል።

ሮው ብቻ

አሁን ሰው ሆነች። አንድ ትንሽ ነገር፦ አንገቷ ላይ ማተቡ ዙሪያ ነጭ ጠርዝ ወጥቷል፣ ነጠላው ዘርፍ ላይም እንዲሁ። ሻርፕኒንጉ (ጠርዝ ማጥራቱ) በዝቶ ነው። ሬዲየሱን 0.8፣ አማውንቱን 40 አድርጊና ማስኪንጉን አልት ተጭነሽ ጎትቺው፤ ቆዳው ሙሉ በሙሉ ጥቁር ሆኖ ዓይን፣ ሹሩባና ጥለት ብቻ ነጭ ሲቀሩ አቁሚ፣ 70 አካባቢ ነው። ቴሌግራም ላይ ስትልኪላት ደግሞ እንደ ፋይል ላኪ።